ቆመው የከረሙ መርከቦች

ቆሞ የከረመ የሞተር ጀልባ ውሃ ላይ ስለተንሳፈፈ ብቻ ለጉዞ ደርሷል አይባልም። ሳይሠራ ያለፈው እያንዳንዱ ወር የራሱን ጉዳት ይተዋል፦ ቤንዚኑ በካርቡሬተር ውስጥ ሙጫ ይሠራል፣ የናፍታው ታንክ ውሃ ይቋጥራል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚስበው ፓምፕ የጎማ ክንፎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ባትሪው ይሞታል። በሐይቅ ላይ እንዲህ ያለው ጉድለት ጉዞ ያስተጓጉል ይሆናል፤ በባሕር ዳርቻ ግን ሞተሩ የጠፋበትን ጀልባ ነፋስና ማዕበል ወደ ድንጋይ ይገፉታል። ኢትዮጵያውያን ይህን ሙያ ያዩትና የተማሩት በተለያዩ ውሃዎች ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በቡራዩ በኩል የሚወጣው መንገድ በአምቦና በነቀምት አድርጎ ወደ ባሮ ያደርሳል፤ በሱሉልታ የሚወጣው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጣና ይዘልቃል፤ ወደ ቀይ ባሕር በር የሚወስደው የዛሬው ባቡር ደግሞ ከሰበታ ይነሳል።

ከእነዚህ ውሃዎች የእንፋሎት መርከብ ካዩት አንዱ ባሮ ነው። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሱት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አምጥተው ከጎሬ የወረደውን ቡና ይጭኑ ነበር። ይህ የሚሆነው ግን ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። ከጥቅምት በኋላ ባሮ ይጎድላል፣ የዘገየ መርከብም አሸዋ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የባሮ ጉዞ የዓመቱን ብዙ ጊዜ ይቆም ነበር፤ የጥገናውም ሥራ በዚያው ደረቅ ወቅት ተጠናቆ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ቦይለሩ ለእሳት ዝግጁ መሆን ነበረበት። አንድ ሳምንት መዘግየት ከአጭሩ የንግድ ወቅት ላይ ይቀነሳል።

ቆሞ የመነሳት ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ «ኢትዮጵያ» የተባለችው የጦር መርከብ ናት። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ ማብቂያ ሲቋቋም ዋና ሠፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አሥመራ ነበር። መርከቧ ግን ከባሕር ኃይሉ ትቀድማለች። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ ጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» በሚል ስም ሥራ ጀመረች፤ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል ሆና በፓስፊክ ጦርነት ተሰለፈች። 95 ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ6,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው የናፍታ ሞተሮችና በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ፍጥነት ነበራት። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1939 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሥራ ወጥታ ቆመች። በ1944 ዓ.ም. ተቀስቅሳ እስከ 1952 አገለገለች፤ እንደገና ቆመች። ጥር 1954 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የተላለፈችው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተኝታ ሁለት ጊዜ ተነስታ ነው።

አሜሪካኖች ከጦርነቱ በኋላ ትርፍ የሆኑ መርከቦቻቸውን ለማቆየት የዘረጉት ዘዴ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው፤ ብዙ አገር መርከቡን አስሮ ይሄዳል፣ እነሱ ግን አዘጋጅተው አቆዩት። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው የአየር ማድረቂያ መሣሪያ ይገባል፤ በውስጥ ያለው እርጥበት ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ብረት የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። ከላይ የቀሩት መድፎች በሚረጭ ፕላስቲክ ይሸፈናሉ። በሲሊንደሮቹ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ወፍራም ዘይት ይገባል። ውሃ ውስጥ ያለውን የመርከቧን አካል ደግሞ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከመበላት ይጠብቁታል። መርከቧን መቀስቀስ ይህንኑ ወደ ኋላ መፍታት ነው። ወፍራሙ ዘይት ታጥቦ ይወጣል፤ ሞተሩ ነዳጅ ሳያገኝ በዝግታ ዞሮ የተጣበቀ ነገር አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ የጎማና የገመድ ማሸጊያዎች ይለወጣሉ፤ መርከቧ ከውሃ ወጥታ ሥሯ ላይ የተጣበቁት ቅርፊታም የባሕር ፍጥረታት ተፍቀው አዲስ ቀለም ትቀባለች፤ መጨረሻ ላይ ከወደብ ሳትርቅ ትፈተናለች። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሠራተኛ ስህተቱ የሚታየው ባሕር መሐል ነው።

«ኢትዮጵያ» በምጽዋ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖችም ማሠልጠኛ ሆነች። በየዓመቱ ጥር ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ያኔ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በተገኙበት ከውጭ አገር መርከቦች ጋር ትሰለፍ ነበር። ቀይ ባሕር ለብረት ክፉ ነው፤ ከዓለም ባሕሮች ሁሉ ጨዋማ ከሚባሉት አንዱ ከመሆኑም በላይ የምጽዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መርከቧ በዚህ ውሃ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ መቆየቷ የመርከቧ ሠሪዎች ብቻ የሚመሰገኑበት አይደለም፤ ከወለል በታች በጋለ የሞተር ክፍል ውስጥ የሠሩት ኢትዮጵያውያን ባሕረኞች ሥራ ነው።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከኢትዮጵያ ጦር እጅ ወጣች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ። የባሕር ኃይሉ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የፖለቲካው ምክንያት ነው፤ የጥገናው ጉዳይም ግን ከዚያ የማያንስ ቦታ ይገባዋል። በአሜሪካ አምስት ዓመት ያህል ተኝታ በደኅና የተነሳችው መርከብ በየመን ዳርቻ ወደብና መለዋወጫ አጥታ ሁለት ዓመት ስትቆም ለቁርጥራጭ ብረት ሆነች፤ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ተሸጠች። ወደ ጅቡቲ የዞሩት የቀሩት ጀልባዎችም በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ ተይዘው ለሽያጭ ቀረቡ።

በጣና ላይ የማቆየት ጥበብ ከሞተር ይቀድማል። ከደንገል የሚታሠረው ታንኳ ውሃ ይመጥጣል፤ የነገደ ወይጦ ቀዛፊዎች ጉዞ ሲጨርሱ ከውሃ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል፤ ያልደረቀ ታንኳ ከብዶ ይሰምጣል፣ ይበሰብሳልም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ የኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ አጥማጆች አስገባ። ምርቱ አደገ፤ አብሮም ታንኳ የማያውቀው ጣጣ መጣ፦ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ መካኒክ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሰበታ የሆነው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከልም በሐይቆቹ ላይ ለሚያደርገው ጥናት ጀልባ ያስፈልገዋል፤ ባለሙያዎቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከተማ ወጥተው ወደ ውሃው የሚወርዱ ናቸው።

ከፍታው ራሱ የዝግጅቱ አካል ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ጣና ላይ የሚጎድለው ወደ 18 በመቶ ይጠጋል፤ ወደ 2,600 ሜትር በሚደርሰው ሱሉልታ ደግሞ ከሩብ ያላነሰ ነው። ስለዚህ በሱሉልታ ግቢ ውስጥ የተሞከረ ሞተር ደካማ መስሎ መታየቱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ተቃራኒው ነው፦ ለደጋ አየር ነዳጁ የተቀነሰለት ካርቡሬተር ሳይስተካከል ወደ ባሕር ጠረፍ ቢወርድ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይግላል፣ ፒስተኑም ሊቃጠል ይችላል። ከጀልባ ጀርባ የሚታሠረውን ሞተር በደረቅ መሬት ማስነሳትም አይገባም፤ የሚቀዘቅዘው ከታች በሚስበው ውሃ ስለሆነ ግርጌው ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ መጠመቅ አለበት። ከጎኑ የሚወጣው የውሃ ፍሰት ከቀጠነ ወይም ከቆመ የፓምፑ ክንፎች ተሰነጣጥቀው ሊሆን ይችላል፤ ይህን በርሜል ላይ ማወቅ ባሕር ላይ ከማወቅ በብዙ ይሻላል።

ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መስመሩ በዋናነት የሚያመላልሰው ኮንቴይነር ነው። ፈረንሳይና ኢትዮጵያ የባሕር ኃይልን መልሶ ለማቋቋም መጋቢት 2011 ዓ.ም. ሲስማሙ ግን ከደጋ የሚወርድ ሞተር ጉዳይ እንደገና የሚመለከተው ሰው አገኘ። ከሐይቅ ወደ ባሕር በሚወርድ ጀልባ ላይ መጀመሪያ የሚለወጠው ከሥሩ የሚታሠረው፣ ራሱ እየተበላ ሌላውን ብረት የሚያድነው «መሥዋዕት ብረት» ነው፦ ጨው ለሌለው ውሃ የሚሻለው ማግኒዚየም በጨው ውሃ ቶሎ ያልቃል፣ በምትኩ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ይገባል። የናፍታው ታንክ ታችኛው ውሃ ይቀዳል፤ በመናወጥ የሚነሳው ዝቃጭ ማጣሪያውን ስለሚደፍን ትርፍ ማጣሪያ ይያዛል። ኮምፓስ፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ የውሃ መቅጃ ፓምፕና ለጥልቀቱ የሚበቃ ገመድ ያለው መልሕቅ ሳይፈተሹ አይነሳም። ወቅቱም ይመረጣል፦ በባብ ኤል መንደብ በበጋ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በክረምት ከሰሜን ምዕራብ ይበዛል። ከጅቡቲ ወደ ሰሜን የሚያቀና ትንሽ ጀልባ በበጋ ነፋሱን ከኋላው ያገኛል፤ ለመመለስ ግን ፊቱን ለነፋሱ መስጠት ስላለበት ነዳጁ የሚሰላው በመልሱ መንገድ ልክ ነው።