የፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለምን ይበላሻል? በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች ለሚያሽከረክሩ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በአሰላ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የአርሲ ወረዳዎች ፒክአፕ መኪና ከመጓጓዣነት ያለፈ አገልግሎት ይሰጣል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያደርሳል፤ ስንዴና ገብስ ወደ ገበያ ያወጣል፤ በአጨዳ ወቅት ለኮምባይነር ነዳጅና መለዋወጫ ያመላልሳል፤ በሌሊት ወላድን ወይም በሽተኛን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ውስጥ ሲቆም ጉዳቱ ከባለንብረቱ አልፎ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ይነካል።

በአካባቢው ለረጅም ዘመን የተለመደው በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለው ፒክአፕ ነው። ከእርሱ ጎን ለጎን ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ የተገጠመላቸው እንደ ቶዮታ ሃይለክስና ፎርድ ሬንጀር ያሉ መኪኖችም ያገለግላሉ። እነዚህ መኪኖች ለአሽከርካሪው ምቹ ቢሆኑም፣ ካምቢዮአቸው ሲበላሽ ጥገናው ከባድ ነው፤ ልዩ መሣሪያ፣ የተለየ ሥልጠናና በቀላሉ የማይገኝ መለዋወጫ ይጠይቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት ብዙውን ጊዜ በድንገት የሚመጣ አይደለም። ዋነኛው ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያባብሱት ከልክ ያለፈ ጭነት፣ ረጅም ዳገት፣ ጭቃ፣ እንዲሁም ያረጀ፣ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ዘይት ናቸው። እነዚህን አስቀድሞ መከላከል ከባለንብረቱና ከአሽከርካሪው አቅም በላይ አይደለም።

አሠራሩ በአጭሩ

በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ አሽከርካሪው ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ከካምቢዮው ለጊዜው ይለያል፤ ከዚያም ማርሹን ይቀይራል። በአውቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል የለም። በምትኩ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የተባለ በዘይት የተሞላ ክብ አካል ይገኛል። በወንዝ ዳር ያለ የውኃ ወፍጮ መዘውሩ በውኃ ግፊት እንደሚዞር ሁሉ፣ እዚህም በሞተሩ የሚሽከረከረው ክፍል ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይትም ሌላውን ክፍል አዙሮ ኃይሉን ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል።

ማርሾቹን የሚቀያይሩት በካምቢዮው ውስጥ የተደረደሩ የፍሪሲዮን ሸራ ያለባቸው ቀጫጭን ዲስኮች ናቸው። ዲስኮቹን የሚያጣብቃቸው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ በየትኛው ሰዓት ወደየትኛው ዲስክ እንደሚሄድ የሚወስኑት ደግሞ ቫልቮችና፣ በዘመናዊዎቹ መኪኖች፣ ኮምፒውተር ናቸው። ይህ ዓይነቱ ካምቢዮ በብዛት ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ ለኦልድስሞቢል መኪና ካዘጋጀ ወዲህ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማርሾቹ ቁጥር ጨምሯል፤ መቆጣጠሪያውም ረቋል፤ መሠረታዊው ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

ከዚህ እንደምንረዳው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት አራት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ኃይል ያስተላልፋል፤ ዲስኮቹን ያጣብቃል፤ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፤ ሙቀትንም ተሸክሞ ያወጣል። ስለዚህ የዘይቱ መጉደል ወይም መበላሸት እንደ ሌላው መኪና ድምፅ በመፍጠር ብቻ አያበቃም፤ መኪናው ጭራሽ መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ሊያደርስ ይችላል።

የአርሲ መልክዓ ምድር ለምን ይከብደዋል?

ከአዳማ ተነስቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚጓዝ መኪና በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ በሳጉሬ በኩል አልፎ የሚደረስባት በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ጭላሎ፣ ወደ ገለማ ወይም ወደ ካካ ተራሮች ግርጌ የሚወስደው የገጠር መንገድ ከዚህም የባሰ ዳገትና ጭቃ አለበት።

ይህ ከፍታ በካምቢዮው ላይ በሦስት መንገድ ጫና ያሳድራል። አንደኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በአሰላ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም የነዳጅ ፔዳሉን አብዝቶ ይረግጣል። ሁለተኛው የዳገት ነው። መኪናው ከባድ ጭነት ይዞ በዝግታ ሲወጣ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች እኩል አይዞሩም። በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሦስተኛው የማቀዝቀዣው ነው። በብዙ ፒክአፖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ራዲያተር ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። በአሰላ ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ባቄላና አተር በደጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ ሞተሩ ሲግል ካምቢዮውም አብሮ ይግላል።

የካምቢዮ ዘይት በመደበኛ ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይቆያል። በሙያው የታወቀ ግምታዊ ስሌት እንደሚያሳየው ከዚህ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ አልፎ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ዘይቱ ይጠቁራል፤ ፓራኦሊዮዎች ይደርቃሉ፤ የዲስኮቹ ሸራም መቃጠል ይጀምራል።

ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ምልክቶች

• ሞተሩ ሲጮህ መኪናው ግን በዚያው ልክ ካልፈጠነ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የዘይቱ መጠን መታየት አለበት።

• ማርሹ ወደ «ዲ» ወይም ወደ «አር» ከገባ በኋላ መኪናው ለመያዝ የሚዘገይ ከሆነ የዘይት ግፊቱ ቀንሷል። በሞቀ ጤናማ ካምቢዮ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ ተኩል አይበልጥም።

• ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ኃይለኛ ግጭት ከተሰማ መንስኤው የቫልቮች መቆሸሽ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የሞተሩ ማቀፊያ ጎማ ወይም ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ማለትም ክሮቼራው፣ ሲላላም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል።

• በአስፋልት ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲነዳ የቆርቆሮ መንገድ ላይ ያለ ያህል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩን የሚቆልፈው ሸራ ወይም ያረጀ ዘይት ይጠረጠራል።

• መኪናው በአንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ አልቀይር ካለና የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ኮምፒውተሩ ችግር አይቶ ካምቢዮውን ለመጠበቅ ያደረገው ነው። መንስኤው የሽቦ፣ የሴንሰር ወይም የደከመ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል ካምቢዮው ከመከፈቱ በፊት በኮምፒውተር መመርመር አለበት።

• ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ቀለም ካመጣ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ቱቦ ተቀዶ ውኃ ገብቷል። በዚህ ጊዜ መኪናውን መንዳት ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል፤ ውኃው ሸራውን የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቃልና።

የዘይት ምርጫና ቅያሪ

አዲስ የካምቢዮ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሲሆን ያሳያል። ቡናማ መሆኑ ማርጀቱን፣ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ማምጣቱ ደግሞ ሸራው መጎዳቱን ያመለክታል። የዘይት መለኪያ ዘንግ ባላቸው መኪኖች ልኬቱ የሚታየው መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ተረግጦ ማርሹ በሁሉም ቦታዎች ካለፈ በኋላ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ይህ ዘንግ የላቸውም። የእነርሱ ዘይት የሚለካው መኪናው ተነስቶ፣ በተወሰነ የዘይት ሙቀት ላይ፣ ከሥር ባለው ቡሽ በኩል ነው። ይህ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

የሁሉም አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አንድ አይደለም። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ መጨመር አለበት። በተለይ በአካባቢያችን ሊታሰብበት የሚገባው ጉዳይ አለ። ለትራክተርና ለኮምባይነር የተገዛ የሃይድሮሊክ ዘይት በየግቢው ስለሚገኝ፣ ሲቸግር ከእርሱ ቀድቶ ወደ ካምቢዮው መጨመር ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ዲስኮቹ በትክክል እንዲጣበቁ የሚያደርገው የቅመማ ይዘት ግን የተለየ በመሆኑ፣ የተሳሳተው ዘይት መንሸራተትንና መንቀጥቀጥን ያመጣል።

አንዳንድ አምራቾች ዘይቱ ለመኪናው ዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል ይገልጻሉ። ይሁንና የካምቢዮ አምራቹ የጀርመን ኩባንያ ዜድኤፍ የራሱ ካምቢዮዎች ዘይት ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል፤ ከባድ ሥራ ላይ ለሚውሉት ደግሞ ቀደም ብሎ። ጭነት ይዞ በዳገትና በአቧራ የሚመላለስ የአርሲ ፒክአፕ ያለጥርጥር የሚመደበው ከባድ ሥራ ከሚሠሩት ተርታ ነው። ዘይቱ ሲቀየር ፊልትሮውና የሥረኛው ጓርኒሲዮን አብረው መታየት አለባቸው።

ጭነትና አነዳድ

ጭነትን በኩንታል መቁጠር የተለመደ ነው፤ የሚዘነጋው ግን የሰዎቹ ክብደት ነው። ለምሳሌ የመጫን አቅሙ 900 ኪሎ ግራም የሆነ ደብል ካቢን ፒክአፕ በአማካይ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አምስት ሰዎችን ከያዘ፣ 350 ኪሎ ግራሙ አልቋል። የሚቀረው አምስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። አሥር ኩንታል ስንዴ ከነተሳፋሪዎቹ ጭኖ የሚወጣ መኪና ፍሬኑንም ካምቢዮውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

በረጅም ዳገት ላይ ኦቨርድራይቭን ማጥፋት ወይም ዝቅ ያለ ማርሽ መምረጥ ካምቢዮው ደጋግሞ እንዳይቀያይርና እንዳይግል ይረዳል። በቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ኒውትራል ላይ ማድረግ ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ሞተሩ መኪናውን ይዞ የማቆየት ኃይሉን ያጣል፤ ጭነቱም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በዳገት ላይ ለአፍታ ሲቆም መኪናውን በነዳጅ ፔዳል ሳይሆን በፍሬን መያዝ ይገባል። ሲቆምም በመጀመሪያ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ከዚያም ማርሹን ወደ «ፒ» ማስገባት ተገቢ ነው።

በክረምት በጥቁር አፈር ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪናን ከ«ዲ» ወደ «አር» እያፈራረቁ፣ ጎማው ሳይቆም ነዳጅ መስጠት ካምቢዮውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። የተሻለው አራቱንም ጎማዎች በዝቅተኛው ማርሽ ማሠራት፣ ጭነቱን ማራገፍና ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ጭድ መነስነስ ነው። ወንዝ ሲሻገሩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጋለ ካምቢዮ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር፣ መተንፈሻ ቱቦው ውኃ ሊስብ ይችላል። ጥልቅ ውኃ የተሻገረ መኪና ዘይቱ መታየት አለበት።

መኪናው በመንገድ ላይ ሲቆም

በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለውን መኪና ባትሪው ሲደክም ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል። አውቶማቲኩ ግን በግፊ አይነሳም፤ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ በመሆኑ፣ ሞተሩ ካልሠራ ካምቢዮውን የሚያጣብቅ ግፊት አይኖርም። በዚሁ ምክንያት ሞተሩ ጠፍቶ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እየረገጡ ረጅም ርቀት መጎተት ካምቢዮውን ያለዘይት ያሽከረክረዋል። ከሁሉ የሚሻለው በመጫኛ መኪና ላይ ጭኖ መውሰድ ነው። ይህ ካልተገኘ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ማስፈታት ይቻላል። በማንኛውም ሁኔታ የመመሪያ መጽሐፉ የሚለው መከበር አለበት።

የካምቢዮው ሙቀት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይመከርም። ደህና ቦታ ላይ ቆሞ፣ ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጎ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን ማሠራት ዘይቱ እየተዘዋወረ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። ሞተሩ ራሱ ከልክ በላይ ከጋለ ግን ማጥፋት ይገባል።

ወደ ጋራዥ ከመግባትና ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት

ለመካኒኩ ምልክቱን በዝርዝር መንገር ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ችግሩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ በዳገት ነው ወይስ በሜዳ፣ በየትኛው ማርሽ ላይ ይታያል? በቅድሚያ የዘይቱ መጠንና ሁኔታ፣ ቀጥሎ የኮምፒውተር ምርመራ፣ ከዚያም የዘይት ግፊት ልኬት መከናወን አለባቸው። ካምቢዮውን ማውረድ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ካምቢዮው ተጠግኖ ወይም ተቀይሮ ከሆነም የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹና ራዲያተሩ መታጠባቸው መረጋገጥ ይኖርበታል። በውስጣቸው የቀረ የብረት ብናኝ አዲሱንም ያበላሻል።

ያገለገለ አውቶማቲክ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው መኪናውን ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሳት፣ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ዳገት ባለበት መንገድ መሞከር ይገባዋል። ብዙ ችግሮች የሚገለጡት ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ነው። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ፣ ወይም ዘይቱ ገና አሁን ተቀይሮ ከሆነ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ብልህነት ነው።

በአጨዳ ወቅት መኪናው የማይቆምበት ቀን የለም። ስለዚህ የካምቢዮው ዘይት፣ የራዲያተሩ ውኃና ክዳን፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ምርመራ ከመኸሩ አጨዳ በፊት፣ ሥራው ከመጠንከሩ አስቀድሞ ቢጠናቀቅ ይመረጣል።