ማናበብ፦ ሦስት መሣሪያ፣ አንድ የወፍ መዝገብ

በአፍ «ሲንክ» እንለዋለን፤ ሙሉ ስሙ «ሲንክሮናይዜሽን» ነው። ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን «ሲን» አብሮ፣ «ክሮኖስ» ጊዜ ማለት ነው። የአንድ ሰው መረጃ በስልክ፣ በታብሌትና በኮምፒዩተር ተበታትኖ ሲቀመጥ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ዘንድ እንዲደርስ፣ የታረመውም በሁሉም ታርሞ እንዲገኝ የሚያደርግ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ «ማናበብ» የሚለው የራሳችን ቃል ይስማማዋል እላለሁ። ምክንያቴን የማስረዳው በወፍ ቆጠራ ነው፤ ቦታውም ጅቡቲ ከተማ።

ጅቡቲን አብዛኞቻችን የምናውቃት በወደቧ፣ በባቡሩና በከባድ መኪናው ነው። ለአዕዋፍም ወደብ ናት። የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ላይ ፍላሚንጎ ይለቅማል፤ ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ሸርጣን በሊታም ወፍራም መንቆሩን ይዞ ያድናል። ከተማዋን የሞላው ግራጫ አንገት ቁራ ከሕንድ ወገን የመጣ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ወደብ ከወደብ የተዛመተ እንግዳ ነው። ኤሮን የሚባለው ሰፈር እንኳ ስሙ ፈረንሳይኛ ሆኖ ረጅም እግር ያለውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ያመለክታል። በመጸው ደግሞ ንስሮችና ሌሎች አዳኝ አሞሮች ከየመን በኩል የባብኤል መንደብን ጠባብ ባሕር ተሻግረው ወደ አፍሪካ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በተደረገ ቆጠራ ከ240,000 በላይ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ ተመዝግበዋል።

ያ ቆጠራ በተካሄደበት ዘመን ስልክ ኪስ ውስጥ አይገባም ነበር። ዛሬ ወፍ ተመልካቹ መተግበሪያ አለው። ከሁሉም የታወቀው ኢበርድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ጥናት ማዕከልና ብሔራዊ ኦዱቦን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ነው። ተመልካቹ የት እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ምን ያህል መንገድ እንደሄደ፣ የትኛውን ወፍ በስንት ቁጥር እንዳየ ይመዘግባል። ኔትወርክ በሌለበት የተጻፈው ስልኩ ውስጥ ይቆያል፤ ሲላክ ወደ ማዕከሉ ሰርቨር ይገባና ከኮምፒዩተርም ይከፈታል። እስኪላክ ድረስ ግን ያለው በዚያው ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ ባሕር ውስጥ ከወደቀ መዝገቡም አብሮ ሰጠመ።

ጉዳቱ የአንድ ጠዋት ድካም ብቻ አይደለም። ኢበርድ በመጨረሻ «ለይታችሁ ያወቃችኋቸውን ወፎች ሁሉ ጽፋችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ከተባለ፣ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ወፍ በዚያ ሰዓት አልታየም ተብሎ ይያዛል፤ ተመራማሪዎችም በዚህ ላይ ተመሥርተው የወፎችን መብዛትና ማነስ ያሰላሉ። ስለዚህ በመሣሪያዎች መካከል የጠፋ አንድ መስመር ዝም ያለ ስሕተት አይደለም፤ «ወፉ አልነበረም» ብሎ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። አንዲት ሴት ማለዳ ባሕር ዳር ወርዳ 12 ፍላሚንጎዎችን መዘገበች እንበል። ቤቷ ገብታ ፎቶውን በኮምፒዩተር ስታሰፋው 14 ሆነው ስላገኘቻቸው ቁጥሩን አረመች። ኔትወርክ ያላገኘው ስልኳ ግን አሁንም 12 ይላል፤ በዚያው ስልክ ላይ «ሁለቱ ጫጩት ናቸው» የሚል ማስታወሻ ጨምራለች። ኮምፒዩተሩን ስልኩን ካስመሰልነው እርማቱ ይጠፋል፤ ስልኩን ኮምፒዩተሩን ካስመሰልነው ማስታወሻው ይጠፋል። ሁለቱም ጊዜ መሣሪያዎቹ ፍጹም ተመሳስለዋል፤ መዝገቡ ግን ጎድሏል። የሚፈለገው እያንዳንዱ የሌላውን አንብቦ 14ቱንም ማስታወሻውንም መያዝ ነው። በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት የተለያየ እርማት ከመጣ ደግሞ መተግበሪያው አንዱን ከመጣሉ በፊት የመዝገቡን ባለቤት መጠየቅ አለበት።

«ማመሳሰል» የሚለውን ትርጉም የማልመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአንዳንድ ስልኮች ላይ የሚታየው «አስምር» ደግሞ መስመር ማስመርን ያስታውሳል። መናበብን ግን ሁላችንም እንናገረዋለን፤ «ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አይናበቡም» ስንል የአንዱን ሥራ ሌላው አያውቅም ማለታችን ነው። የግዕዝ መምህራንም «ቤተ ክርስቲያን» የመሰለውን ጥምረት ተናባቢ ይሉታል፤ ሁለቱ ቃላት ማንነታቸውን ሳይለቁ አንድ ትርጉም ይሰጣሉ።

መሣሪያዎች እንዲናበቡ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው መለያ ነው፤ እያንዳንዱ መዝገብ የማይደገም ቁጥር ከሌለው አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አብረው የወጡ ጓደኛሞች በኢበርድ አንዱን ዝርዝር የሚጋሩትም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ጅቡቲና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ቢሆኑም አቆጣጠራቸው ይለያያል። የእኛ ሰው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን መሣሪያው እንደ ፈረንጅ 1 ሰዓት ከተቀበለው፣ ፍላሚንጎዋ በውድቅት ሌሊት ታየች ማለት ነው። መስከረም 20 ቀን 2018 ያለውም ሳይለወጥ ከገባ መዝገቡ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። መተግበሪያው ውስጡ አንድ ወጥ ጊዜ ይዞ ለእያንዳንዱ በለመደው አቆጣጠር ማሳየት ይኖርበታል። ሦስተኛው ስም ነው። ጅቡቲያዊው በፈረንሳይኛ የሚጽፈውን ወፍ እኛ ጥንብ አንሣ ብንለው፣ ስሙ ብዙ ዝርያዎችን ያቅፋል። ኒዮፍሮን ፐርክኖፕተረስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ግን አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ መሣሪያዎቹም የሚናበቡት በእርሱ ነው።

አገባቡም ቀላል ነው፦ «ስልኬንና ኮምፒዩተሬን አናበብኩ»፤ «ዝርዝሩ ገና አልተናበበም»፤ «ተናባቢ መተግበሪያ»፤ «የማናበቢያ ቁልፍ»።

ከጅቡቲ ከተማ ባሻገር፣ በዳይ ጫካና በማብላ ተራሮች፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ የጅቡቲ ቆቅ ይኖራል። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አዕዋፍ አንዱ ነው። አንድ ሰው ጎህ ሲቀድ በጥድ መካከል ድምፁን ሰምቶ ቢመዘግበው፣ ያ አንድ መስመር ብዙ ይመዝናል። መዝገቡ ከስልኩ ወጥቶ ሌሎች ዘንድ ሲነበብ፣ ቆቁ ያን ማለዳ በሕይወት እንደነበረ ከሰሚው ሌላም ሰው አወቀ ማለት ነው።