አሮጌ ስርዓተ ክወና ከተወገደ በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተርን ወደ ሥራ ስለመመለስ

የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የግብር ማሳወቅና ሌሎች አገልግሎቶች በኢንተርኔት መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ የአንድ ኮምፒውተር አለመነሳት የተገልጋዩን ጉዳይ ያዘገያል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጠው የነበረው ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚህም ምክንያት አዲሱን ከአሮጌው ጎን ጭነው ቆይተው በኋላ አሮጌውን የሚያጠፉ ተጠቃሚዎች አሉ። ይህ መረጃ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚገኙ ተገልጋዮች፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ችግር ለገጠመው ሁሉ የተዘጋጀ ነው።

የችግሩ መንስኤ

ኮምፒውተር ሲበራ በቅድሚያ የሚፈልገው አነስተኛ የማስነሻ ፋይሎችን ነው። ሁለት ስርዓተ ክወናዎች በአንድ ኮምፒውተር ሲጫኑ እነዚህ ፋይሎች ብዙ ጊዜ አሮጌው በተጫነበት ጊዜ በተዘጋጀው የዲስክ ክፍል ላይ ይቀመጣሉ። ያ ክፍል ሲሰረዝ አዲሱ ስርዓተ ክወና ሳይነካ ቢቀርም የሚያስነሳው ያጣል። በማያ ገጹ ላይም «ቡትማናጀር የለም» ወይም «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ይታያል። የተወገደው ሊኑክስ ከሆነ «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ መልእክቱ ሰነዶች ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ግን ሊተርፍ ይችል የነበረውን ሰነድ ሊያሳጣ ስለሚችል መቸኮል አይገባም።

የመፍትሔ ቅደም ተከተል

1. ፍላሽ ዲስኮችን ነቅሎ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት፤ በባዮስ ውስጥ ሃርድ ዲስኩ መታየቱንና በአነሳስ ቅደም ተከተሉ ቀዳሚ መሆኑን ማረጋገጥ። ዲስኩ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ችግሩ የዕቃው ሊሆን ስለሚችል ወደ ጥገና ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል።
2. በሌላ ኮምፒውተር፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በተወረደ ፋይል፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ማዘጋጀት። በፍላሹ ላይ ያለው ነገር ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል።
3. ኮምፒውተሩን በፍላሹ ማስነሳት። የማስነሻ ምርጫው በዴልና በሌኖቮ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ቁልፍ ሲጫን ይከፈታል።
4. «ጫን» የሚለውን ትቶ የጥገናውን አማራጭ መምረጥ፤ ቀጥሎ «ትራብልሹት»፣ ከዚያም «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ማስኬድ። አንድ ጊዜ ካልተሳካ መድገም ይቻላል።
5. ካልተስተካከለ «ቢሲዲቡት» የተሰኘው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎችን ከዊንዶውስ ማህደር እንደ አዲስ ይቀዳል። በጥገናው ገጽ የዲስክ መለያ ፊደላት ሊለዋወጡ ስለሚችሉ ይህን እርምጃ ልምድ ያለው ሰው ቢፈጽመው ይመረጣል።

ቢትሎከር በተሰኘው መቆለፊያ የተጠበቀ ዲስክ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ በተጠቃሚው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

በሥራው ወቅት መብራት ቢጠፋ ጥገናው ሊቋረጥ ስለሚችል ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ደግሞ በዩፒኤስ እንዲሠራ ይመከራል።

ወደ ጥገና ቤት ከመውሰድ በፊት

ጥገናውን ለሌላ የሚሰጥ ተገልጋይ ዲስኩ ያለ ፈቃዱ ፎርማት እንዳይደረግ በግልጽ ሊያሳስብ፣ ደረሰኝም ሊቀበል ይገባል። አስቸኳይ ሰነድ ካለ ከፍላሽ በሚነሳ ኡቡንቱ አማካይነት ፋይሎችን አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ ማስገልበጥ ይቻላል። የመታወቂያና የግብር ሰነዶች የግል መረጃ በመሆናቸው ባለቤቱ በአደራ አሰጣጡ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት።

ችግሩን አስቀድሞ ለመከላከል

አሮጌውን ስርዓተ ክወና ከማጥፋት በፊት፦

• ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ፤
• በ«ሲስተም ኮንፊገሬሽን» አዲሱን ዋና ማስነሻ ማድረግና አሮጌውን ከዝርዝሩ ማውጣት፤
• በ«ዲስክ ማኔጅመንት» «ሲስተም» የሚል ምልክት ያለበትን ክፍል መለየትና ፈጽሞ አለመሰረዝ።

የማስነሻ ፋይሎቹ የሚገኙት ይህ ምልክት ባለበት ክፍል ነው። ምልክቱ ያረፈው በአሮጌው ስርዓተ ክወና ክፍል ላይ ከሆነ የማስነሻ ፋይሎቹ ወደ አዲሱ ሳይዛወሩ ማጥፋቱ መጀመር የለበትም።