ከሐኪም ቤት እስከ ጭፈራ አዳራሽ፤ የአሚል ናይትራይት ታሪክ

አንድ መድኃኒት ለምን ሥራ እንደ ተገኘና ኋላ በማን እጅ እንደ ገባ መመርመር ለታሪክ ተማሪ ይጠቅማል። በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው አሚል ናይትራይት፥ በልማድ ስሙ «ፖፐርስ» የሚባለውን ፈሳሽ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈሳሹን በ1844 የሠራው ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ባላር ነው። በ1867 ሐኪሙ ቶማስ ሎደር ብረንተን፥ ትነቱ የደም ሥሮችን እንደሚያሰፋ ተረድቶ፥ በኤዲንብራ የልብ ውጋት ለያዛቸው ሕሙማን ቢያሸታቸው ሕመሙ ቀለለላቸው። መድኃኒቱ በቀጭን ብልቃጥ ይታሸግ ነበርና፥ ብልቃጡ ሲሰበር ከሚያሰማው «ፖፕ» ከሚል ድምፅ ስሙ ወጣ።

በአሜሪካ በ1960 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ ነገር ግን ጤነኞች ለደስታ እንደሚያሸቱት ስለ ታወቀ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ትእዛዙ ተመለሰ። ነጋዴዎችም ዘመዱን ቢዩታይል ናይትራይትን «የክፍል ሽታ መለወጫ» ብለው በትንንሽ ጠርሙስ ሸጡ። ከ1969 የስቶንዎል ዐመፅ በኋላ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች በግልጥ መሰብሰብ በጀመሩባቸው የኒውዮርክና የሳን ፍራንሲስኮ ጭፈራ ቤቶች ፈሳሹ እጅግ ተስፋፋ። ለጥቂት ደቂቃ ሰውነትን ያሞቃል፥ ራስን ያዞራል፥ ጡንቻንም ስለሚያላላ ለሩካቤ ይፈለግ ነበር።

ሰኔ 5 ቀን 1981 በሎስ አንጀለስ አምስት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ በሽታ እንደ ተያዙ የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ማእከል አስታወቀ። አምስቱም የሚሸተት ዕፅ እንደ ተጠቀሙ መግለጫው ስለ ጠቀሰ፥ ብዙዎች ጥፋቱን በጠርሙሱ ላይ ጣሉ። ይሁን እንጂ በ1983 በፓሪስ የፓስተር ተቋም ቫይረሱ ተገኘ፤ የካፖሲ ነቀርሳም ከሌላ ቫይረስ እንደሚመጣ በ1994 ታወቀ።

ሕጉም በየአገሩ ተለያየ። አሜሪካ በ1988 ቢዩታይል ናይትራይትን፥ በ1990 ደግሞ የቀሩትን ዘመዶቹን ለዚህ ተግባር እንዳይሸጡ ከለከለች። በብሪታንያ በ2016 አዲስ የዕፅ ሕግ ሲመከር የምክር ቤት አባል የነበሩት ክሪስፒን ብላንት ራሳቸው ተጠቃሚ መሆናቸውን በሸንጎ ተናገሩ፤ የመንግሥቱ አማካሪ ሊቃውንትም ፈሳሹ ከሕጉ ውጭ ነው ብለው አስረዱ።

እንግዲህ ፈሳሹ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ቢጠጣ ይገድላል፤ ቪያግራን ከመሰለ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደምን ግፊት በብርቱ ያወርዳል፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን እውነተኛው አደጋ የሚታወቀው ነገሩ ራሱ ሲመረመር እንጂ በተጠቃሚዎቹ ላይ ባለ ጥላቻ አይደለም። የ1981 ጥርጣሬ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።