ሞኖንጋ የቀሩት አባቶች

በኢንተርስቴት 79 ጭነት ይዤ ስመላለስ ፌርሞንትን አልፋታለሁ። የዌስት ቨርጂኒያ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሾፌር ነዳጅ ቀድቶ፣ ቡና ይዞ ይሄዳል። በአሜሪካ ምድር ለአባቶች መታሰቢያ ጸሎት መጀመሪያ የተደረሰው እዚህ መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙም አይገኝም። ክብሩን የወሰደችው በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ያለችው ስፖኬን ናት።

የነገሩ መነሻ የድንጋይ ከሰል ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1907 ከፌርሞንት አጠገብ፣ ሞኖንጋ በምትባል መንደር፣ ቁጥር 6 እና ቁጥር 8 የሚባሉት የከሰል ማውጫዎች ፈነዱ። በይፋ የተመዘገበው ሟች 361 ነው። እኔ ቁጥሩን አላምነውም። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ክፍያው በቆፈሩት ልክ ስለነበር ልጅን ወይም ዘመድን ለእገዛ ይዞ መግባት የተለመደ ነበር፤ የረዳቱ ስም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በሰው ስም ሠርቶ የሚያውቅ ስደተኛ ይህ አይጠፋውም። ካተሪና ዳቪያ የምትባል ሴት የባሏ አስከሬን አልተገኘላትም። ከላዩ የተጫነው ክብደት ይቀልለት ብላ ከማውጫው ከሰል በጆንያ እየተሸከመች ቤቷ አጠገብ ለዓመታት ስትከምር ኖረች። አባት አልባ የሆኑት ልጆች ወደ 1,000 ይጠጋሉ።

ግሬስ ጎልደን ክሌይተን የፌርሞንት ነዋሪ፣ የሜቶዲስት ሰባኪ ልጅ ናት፤ የራሷም አባት ሞቶባታል። ፓስተሯን ለምና ጁላይ 5 ቀን 1908 በቤተ ክርስቲያናቸው ለአባቶች ጸሎት አስደረገች። በቃ፣ ያችው አንድ እሑድ ናት። ዋዜማው የነፃነት በዓል ስለነበር ከተማው በዚያ ተጠምዷል፤ በዓሉ በየዓመቱ ይከበር ብሎ የወሰነ የለም፤ ክሌይተንም አልገፋችበትም።

ከዚያ ጸሎት ሁለት ወር ቀደም ብሎ እዚያው ጎረቤት ግራፍተን የሆነውን እዩት። አና ጃርቪስ ለሟች እናቷ መታሰቢያ 500 ነጭ የካርኔሽን አበባ ለግራፍተኑ ቤተ ክርስቲያን ላከች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ያልጻፈችለት ባለሥልጣን የለም ማለት ይቻላል፤ የፊላዴልፊያው ባለጠጋ ነጋዴ ጆን ዋናሜከርም ከጎኗ ቆመ። በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የእናቶችን ቀን አወጁላት። (ኋላ ከአበባ ነጋዴዎቹ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ስትጣላ ኖረች፤ ያ ሌላ ጉድ ነው።) ሞኖንጋ ያን ሁሉ ሐዘን ይዛ ደብዳቤ ጸሐፊም ነጋዴም አጣች።

ስፖኬን ላይ ሶኖራ ዶድ፣ ስድስት ልጆች ብቻውን ላሳደገው አባቷ ብላ፣ በጁን 1910 የአባቶችን ቀን አስከበረች። እሷም ብቻዋን አልሆነላትም፤ በ1930ዎቹ የኒው ዮርክ የወንዶች ልብስ ነጋዴዎች ገቡበት። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈርመውበት ሕግ የሆነው በ1972 ነው፤ ከፌርሞንቱ ጸሎት 64 ዓመት በኋላ። ልጆቼ በየዓመቱ ክራባት የሚሰጡኝ የእነዚያን ነጋዴዎች ምክር ሰምተው መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ለሚውል ሰው ክራባት!