ስለ ጓያና ስለ እግር ሽባነት

ጥቁር አፈር ባለበት በጉደር አካባቢም ሆነ በሌላው የሸዋ ክፍል ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ሌላው እህል በድርቅ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። በደጉ ዘመን ከሽሮ ጋር የሚደባለቀው ጓያ በክፉ ዘመን ብቻውን ለወራት ይበላል፤ እግር የሚይዘውም ያን ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ነው የሚሉ አሉ። ይህ አባባል በእኛ አስተያየት ሊናቅ አይገባውም፤ መንገዱን ቢስትም እህሉን ለይቶ አውቋል። ሐኪሞች እንዳረጋገጡት ፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳል። በሽተኛው አእምሮው ደኅና እንደ ሆነ፣ እግሩ ደርቆ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ በበትር ይሄዳል። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም።

የቩርተምበርግ መስፍን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1671 የጓያን ዱቄት ከልክሎ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1811 እና በ1812 ማድሪድ ስትራብ ያየው ሠዓሊው ጎያ (የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ ነው) ጓያ የሚበሉ ችግረኞችን ሥሏል፤ ከመካከላቸው አንዲት ሴት መሬት ላይ ተጋድማለች።

በአገራችን በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ፣ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በደላንታ ዳውንት ወረርሽኙ ተነሣ፤ በደላንታ የተጎዱት ከ2,000 በላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በድርቅ ዓመት ግን የሚቀላቀለው እህል በጎተራው የለም።