የጁ፦ የአገር ስም ወይስ የዘር ስም?

ወልድያን፣ መርሳንና ሀብሩን ያቀፈው ምድር የጁ ይባላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን አካባቢው የሚታወቀው በአንጎት ስም ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በአንጎት ብረትና ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግሉ እንደነበር ጽፏል። የጁ የሚለው ስም ገንኖ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ ከኦሮሞ መስፋፋት ጋር ነው። ስሙ ተለወጠ ማለት ግን ነባሩ ሕዝብ ጠፋ ማለት አይደለም። የመጣውና የነበረው ተጋባ፤ አማርኛው ቀጠለ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም ጎን ለጎን ኖረ።

የየጁ ገዢ ቤት የሆኑት ወረ ሼሆች ዘራቸውን ከዓረብ ምድር ከመጡ ሼህ ይቆጥሩ የለምን የሚል ይኖራል። ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን ያ የገዢው ቤት የትውልድ ሐረግ እንጂ የገበሬው አይደለም። የገዢው ቤት ራሱ ቅይጥ ነበር፦ የራስ ዓሊ ትንሹ እናት እቴጌ መነን ከወሎ የሙስሊም ባላባቶች ቤት ተወልደው ክርስትና የተነሡ ናቸው። የሕዝብ ስም በአንድ ዘር አለመወሰኑ የየጁ ብቻ አይደለም፦ በሰሜን አውሮፓ ኖርስ የሚባሉትም በቋንቋና በልማድ እንጂ በአንድ መንግሥት የተሳሰሩ አልነበሩም፤ በ911 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ የሰፈሩት በጥቂት ትውልድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነዋል። የየጁ መሳፍንትም በ1853 እ.ኤ.አ. አይሻል ላይ በደጃች ካሣ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) እስኪሸነፉ ድረስ ጎንደርን ያስተዳደሩት በአማርኛ ነው። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎቻችን የጁን በአንድ ዘር ስም መዝጋታቸውን ሊያቆሙ ይገባል።